ያልወለቀው ኮት

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው።

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ገና አልጨረሰም፤ ወንዙም ከግራሩ ጀርባ እንደተሸሸገ ነው። ግን የሆነ ነገር ያጉረመርማል። አያቆምም፤ ትንፋሽ አይወስድም። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ድምፁ ግን አብሮ አልጠፋም። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው አዳመጡና፣ «እዚህ በረሃ ውስጥ ደግሞ የማን ወፍጮ ነው?» ብለው ጠየቁ።

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

ታች አሸዋው ላይ ቆማ የምትጠብቃቸው አንዲት ሴት ነበረች። እሷ አልሳቀችም። ያ ቦታ ስሙም ወፍጮ ነውና። ኦሞ እዚያ ጋ ሲደርስ በሁለት ገደል መካከል ይጨመቃል፤ ነጭ ይሆናል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያንከባልላል። ከሩቅ ለሚሰማው እህል የሚፈጭ ይመስላል። የሚፈጨው ግን እህል አይደለም።

ይህችን ሴት ልብ በሏት፣ ወገኖቼ። የምነግራችሁ ስለ እሷ ነው። አስካለ ይሏታል። ሥራዋ ሰውን በጎማ ጀልባ አሳፍሮ ነጩን ውሃ ማሳለፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበታለች።

ሰው ሥራዋ ወንዙ ላይ ይመስለዋል። ሥራዋ ግን ከወንዙ በፊት ነው። ማን የት ይቀመጣል? ከፊት የሚቀመጡት ሁለቱ ማዕበሉን በደረታቸው የሚቀበሉ፣ የኋለኞቹም እነሱን አይተው የሚቀዝፉ ናቸውና ብርቱ ክንድ ይፈልጋሉ። አቅም የሚያንሰው ሰው ከኋላ፣ የእሷ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ልቡን የሚያመው ሰው ወፍጮ ሳይደርስ ይወርድና በእግር መንገዱ ይዞራል፤ ታች ድልድዩ ጋ ይገናኛሉ። ዋና የማይችል ግን በጀልባው ይሄዳል። እግሩ የማይሠራ ይሄዳል። ፈሪም ይሄዳል። ለሁሉም እንደ አቅሙ ቦታ አለው።

ለወንዙ የማይሆነው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ማን ይመስላችኋል? ደካማው? አይደለም። ሽማግሌው? አይደለም። «ደህና ነኝ» የሚለው ሰው ነው።

አምና አንድ ጎልማሳ መጣ። ዋና ትችላለህ ወይ ስትለው እንደ ተሰደበ ሰው አያት። «ዋና? እኔ?» አለ። ወፍጮ ላይ ከጀልባው ወደቀ። ውሃው ከሥሩ ይዞ ሲያስቀረው አስካለ መቁጠር ጀመረች። አርባ ላይ ደርሳ ነው ራሱ ብቅ ያለው። ተርፏል። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መቁጠሩን አልተወችም። ምሳ ተቀምጣ ትቆጥራለች። አውቶቡስ ስትጠብቅ ትቆጥራለች። አርባ ላይ ስትደርስ ትደነግጣለች።

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀት ያዘጋጀችው። አምስት ጥያቄ ብቻ። ዋና ትችላለህ? ምን ያምሃል? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? የትኛው የሰውነትህ ክፍል አይታዘዝህም? ውሃ ትፈራለህ? ለሚመጣው ቡድን ሁሉ ከሳምንታት በፊት ትልካለች፤ ያንን እያየች ወንበር ትደለድላለች።

ለእነዚህም ላከች። አሥራ አራት ሰዎች ናቸው፣ ከአንድ ደጋ ከተማ ጉባኤ የተነሡ። ጉዞው የምስጋና ጉዞ ነው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ላምቦሮ ማገልገል ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሞላቸው፤ ምን እናድርግላቸው ሲባል የኮሚቴው ጸሐፊ ኢዮስያስ በስልኩ ያየውን ቪዲዮ አሳየ። ሰዎች በቢጫ ጀልባ ነጭ ውሃ ላይ እየዘለሉ ይስቃሉ። «ይህ ነው!» አለ። አንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው አየ። ሌላው ወደ ጋሽ ላምቦሮ አየ። እሳቸው የሚከበሩበትን ነገር እንዴት አይሆንም ይበሉ? «ልጆቹ ከወደዱት» አሉ። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩን ከልቡ የፈለገው አንድ ኢዮስያስ ሲሆን፣ አሥራ ሁለቱ የሌላው ፍላጎት መስሏቸው ነው የተስማሙት። እስኪ አሁን ይህ ምን ይባላል?

ወረቀቱ ተመለሰ። አስካለ አንዱን አነበበች። ደህና፣ ደህና፣ ደህና፣ የለም፣ አልፈራም። ሁለተኛውንም አነበበች። ደህና፣ ደህና፣ ደህና፣ የለም፣ አልፈራም። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ነው ያስተዋለችው። ብዕሩ አንድ ነው። የእጅ ጽሑፉም አንድ ነው። አሥራ ሦስት ሰው በአንድ እጅ ደህና ሆኗል።

ደወለችለት።

«ኢዮስያስ፣ ጠይቀሃቸዋል?»

«እህታችን፣ ሽማግሌ ምን ያምዎታል ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?» አለ። በቅሬታ ነው የመለሰላት፤ ነውር ነገር የጠየቀችው ይመስል። «ሁሉም ደህና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።»

አስካለ ስልኩን ዘግታ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። እግዚአብሔርስ ይመስገን። እግዚአብሔር ግን ጀልባው ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ አውቃ እንድትደለድል ዓይንና አፍ ሰጥቷት የለ? አፉ የተዘጋን ሰው በየት በኩል ታንብበው?

አንድ ወረቀት ግን ቀርቶ ነበር። ለብቻው ታጥፎ፣ ከሌሎቹ ኋላ የገባ። በሌላ እጅ የተጻፈ ነው።

«ብስራት እባላለሁ። ዋና አልችልም። ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሠራም፤ በክራንች ነው የምሄደው። ክንዴ ጠንካራ ነው። ውሃ እፈራለሁ። መምጣት ግን እፈልጋለሁ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጀልባው ሄደች። መሐሉን የሚያቋርጠውን የተነፋ ጎማ ለካች፤ የማይሠራ እግር ያለው ሰው ከፊቱ ተቀምጦ ጭኑን የሚያስደግፍበትን ቦታ በእጇ ዳበሰች፤ ራሷ ገብታ ግራ እግሯን ሽባ አድርጋ ተቀመጠችበት፤ ባልደረባዋ ዱባለ ጀልባውን በሙሉ ኃይሉ እንዲያናውጠው አዘዘችው። አልወደቀችም። እውነቱን ለተናገረው ሰው ቦታ ማዘጋጀት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ለአሥራ ሦስቱ «ደህና» ባዮች ግን ምን ታዘጋጅ?

እነሆ አሁን አውቶቡሱ ቆሟል። ወረዱ።

ሰላምታው ብቻውን ረጅም ነው። ከዚያ አስካለ የሕይወት ጃኬትና ጠንካራ ቆብ አልብሳቸው ስታበቃ ጸሎት ሆነ፤ ሁሉም ቆቡን ከራሱ፣ ጃኬቱን ከትከሻው አውርዶ ቆመ። አስካለ ጸሎት አትጠላም። ግን የእያንዳንዱን ጃኬት ቀበቶ ከጸሎቱ በፊት አንድ በአንድ ስታጠብቅ ነው የቆየችው። ዱባለ በጆሮዋ «አሁን ምን ይደረጋል?» ቢላት «ይጸልዩ፤ ግን አጥብቀው ታጥቀው ቢጸልዩ ምን ነበረበት» አለች። ከአሜን በኋላ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ከዚያ ሁሉም ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ገብቶ በጀርባው እንዲንሳፈፍ ጠየቀች። የወደቀ ሰው እግሩን ወደ ፊት አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ መልሶ ነው የሚሄደው። ጀልባው ላይ ያለው ደግሞ የወደቀውን በጃኬቱ ትከሻ ይዞ ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል። ተለማመዱት አለች። ተያዩ። አንዷ እናት ልብሳቸው እንዳይረጥብ ሰጉ። አያችሁ? ነጭ ውሃ ሊሻገሩ መጥተው መርጠብ ፈሩ። ኢዮስያስ፣ «ሽማግሌዎቹስ ቢቀሩ፣ ወጣቱ ለእነሱ ቢለማመድላቸው» የሚል ሐሳብ አቀረበ። አንዱ ስለ ሌላው ይዋኝለት ማለቱ ነው። ዱባለ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ዛፉ ዞረ።

ብስራት ክራንቿን አሸዋው ላይ አስተኛች። በእጇ እየዳኸች ገባች። በጀርባዋ ተንሳፈፈች።

ስትወጣ ከሴቶቹ አንዷ አዘኑላትና ወደ አስካለ ቀርበው፣ «ልጄ፣ ይህችን ምስኪን ከጀልባው ጋር እሰሪያት፤ እንዳትወድቅ» አሏት። ሌሎቹም ደገፏቸው። እውነት ነው፣ ትታሰር፣ ገመድ አለ ወይ፣ ተባለ።

አስካለ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው እዚህ ላይ ነው።

«በሞቴ! የታሰረ ሰው ጀልባው ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል። የሚድነው ያልታሰረ ነው።»

ይህችን ቃል ያዟት፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ደግሞ ጋሽ ላምቦሮ። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፤ የቀድሞ አስተማሪ፤ ንጹሕ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል። በዚያ ሐሩር፣ ድንጋዩ እንኳ በሚያልብበት ቦታ፣ ኮት። የሕይወት ጃኬቱ በኮት ላይ አይሆንም፤ ቢጠብቅም ውሃ ሲገባ ኮቱ ይላላና ጃኬቱ ወደ ጆሮ ይወጣል።

«ጋሼ፣ ኮቱን ያውልቁልኝ» አለቻቸው።

«ይበርደኛል፣ ልጄ» አሉ።

አሥራ ሦስት ሰው ሰማ። ላብ ከቆባቸው ሥር በጆሯቸው በኩል እየወረደ ነው። ግን «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እያላበዎት ነው» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ምን አገባቸው? ሽማግሌ በረደኝ ካለ በረደው ነው።

አስካለም ደግማ ሳትጠይቅ የጃኬታቸውን ቀበቶ በኮቱ ላይ አጠበቀች።

ከዚያ ወንበር ተደለደለ። አስካለ ወረቀቷን ይዛ ጠራች። ብስራት ከፊት በስተ ግራ፤ ክንድ አላትና። ጋሽ ላምቦሮ ከኋላ፣ ከእኔ ጎን። ይህን ስትል የተነሣውን ጉርምርምታ ብትሰሙ! ወፍጮው ራሱ ተሸፈነ። ኢዮስያስ ወደ ጎን ወስዶ ለመናት። «እህታችን፣ ጉዞው እኮ የእሳቸው ነው። በክብራቸው ቀን ከኋላ? ቪዲዮ ይቀረጻል። የእኛ ሰው ምን ይላል?» ብስራት ደግሞ ከፊታቸው? እሷ እንኳ ደስ አይላትም፤ ትሸማቀቃለች አለ። ብስራትን አልጠየቃትም። እሷም ሰምታ መሬት መሬት አየች።

ከዚያ መሳፈሩ መጣ። ጀልባው ውሃው ላይ ሆኖ ዱባለ በገመድ ይዞታል። ማን ይቅደም? እርስዎ ይቅደሙ። ኧረ እርስዎ። ኧረ በሞቴ ልበል? ኧረ በልጆችዎ። አንዱ አንድ እግሩን አግብቶ ሌላውን ለማስቀደም መልሶ አወጣው። ጀልባው እየሸሸ ነው። ዱባለ ተረከዙን አሸዋው ውስጥ ተከለ። ወንዝ ይጠብቃል ብላችሁ ታስባላችሁ? ኦሞ «በሞቴ» ሲባል የሚያውቅ ይመስላችኋል?

አስካለ ደከማት። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው ሴት፣ አርባ ድረስ የቆጠረችው ሴት፣ ያን ሁሉ የሚያውቅ አፏ አንዲት ቃል ወለደ። ምን አለች? «ይሁን» አለች።

ይሁን!

ጋሽ ላምቦሮ ከፊት በስተ ቀኝ ተቀመጡ። ብስራት ከኋላቸው፣ መሐል ጎማው ጋ። አያችሁልኝ? ስንቀየማቸው የቆየናቸው እነሱ ብቻ ነበሩ። አሁን ግን የምታውቀዋ ሴትም ከእነሱ አንዷ ሆነች። ይሉኝታ እንዲህ ነው። ወንዙን ለማያውቀው ሰው ብቻ ወጥመድ አይሆንም፤ የሚያውቀውንም በትህትና ጠልፎ ይጥለዋል።

ከወፍጮ በፊት አንድ ትንሽ ውሃ አለች። ስም እንኳ የላትም። ልምምድ ማድረጊያ ናት። አስካለ ከኋላ ሆና «ወደፊት!» አለች። በቀኝ በኩል ስድስት መቅዘፊያ ውሃው ላይ ወደቀ። ሰባተኛው የጋሽ ላምቦሮ ነው፤ በግራ እጃቸው ብቻ ይዘውት አየር ላይ ቆየ። «ጋሼ፣ ወደፊት!» አለች። ቀኝ እጃቸው ከኮቱ ጉያ አልወጣም። ከኋላቸው ያሉት እሳቸውን አይተው ግማሾቹ ቆሙ፣ ግማሾቹ ቀዘፉ። ጀልባው ዞረ፤ ጎኑን ለውሃው ሰጠ።

ማዕበሉ ትልቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ ነው የመታቸው። ጋሽ ላምቦሮ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሰው ሰላም ሲላቸው ብድግ እንደሚሉ ሁሉ በትህትና ተነሥተው፣ ወደ ውሃው ሄዱ።

ኮቱ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ። ጃኬቱ ወደ ጆሯቸው ወጣ። ራሳቸው ወደ ውስጡ ገባ።

አንድ፣ አለች አስካለ። ሁለት። ገመዱን ወረወረች፤ አልደረሰም። ሦስት። አራት። የሰማይ ቀለም፣ የውሃው ቀለም፣ ሁሉ ነገር ቆመ የመሰላት ያኔ ነው። አምስት። ኢዮስያስ ስልኩን እንደያዘ ደርቋል። ስድስት። ሰባት።

ከፊቷ ሁለት ክንዶች ሲዘረጉ አየች። የብስራት ናቸው። ሃያ ዓመት የገዛ ሰውነታቸውን ተሸክመው ዳገት የወጡ ክንዶች ናቸው። ጠዋት እንደተነገራት የጃኬቱን ትከሻ ያዘች፤ ጭኗን ጎማው ሥር ከተተች፤ ራሷን ወደ ኋላ ጣለች። ዘጠኝ ላይ ጋሽ ላምቦሮ እንደ ተጠመደ ዓሣ ጀልባው ወለል ላይ ወደቁ። ሳሉ። ተነፈሱ።

ታስራ ቢሆን ኖሮ ትደርስባቸው ነበር? እሰሯት አላላችሁም?

በሚቀጥለው አሸዋ ላይ ወጡ። ከወፍጮ በላይ የመጨረሻዋ አሸዋ ናት። ከጎኗ ቀጭን የእግር መንገድ ወደ ዳገቱ ይሄዳል፤ ከላይ አውቶቡሱ ይጠብቃል። ከዚያች አሸዋ በኋላ ገደልና ገደል ነው፤ መውጫ የለም። ድምፁ አሁን ከጎን ነው የሚሰማው። ሲናገሩ እንኳ መጮህ ያስፈልጋል።

አስካለ አልጮኸችም። ቀረብ በሉ አለች። ቀረቡ።

«አባቶቼ፣ እህቶቼ፤ የማንንም ሕመም ለማንም አልናገርም። ቄስም ፓስተርም አይደለሁም። ግን የማላውቀውን ሰው ማሳለፍ አይሆንልኝም። እኔ ጠዋት ይሁን ብያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልደግመውም። አሁን እንደገና እጠይቃለሁ። በወረቀቱ ላይ ደህና ብላችኋል። ወንዙ ወረቀታችሁን አያነብም።»

ኢዮስያስ ጫማውን አየ። እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከሁሉም አስቀድማ የተናገረችው ለመናገር የቀረ ነገር ያልነበራት ሰው ናት።

«እኔ አሁንም እፈራለሁ፣ እትዬ» አለች ብስራት። «እጄ ግን ይይዛል።»

ይህን ስትል ጋሽ ላምቦሮ ቀና ብለው አዩዋት። ውሃ ከኮታቸው ጫፍ ይንጠባጠባል።

እዚህ ላይ ልቁም። ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ እባካችሁ አትቆጡኝ።

ዛሬ በር ላይ እንዴት አደራችሁ ስትባሉ ምን አላችሁ? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።» ሁላችሁም። አንድ ብዕር፣ አንድ እጅ። ከሚስትህ ጋር ቃል ከተለዋወጥክ ሦስተኛ ወርህ የሆነው አንተ፤ ደህና። ልጅሽ የት እንዳለ የማታውቂው አንቺ፤ ደህና። ፊት ቆመህ ለሌላው የምትጸልይ፣ ለብቻህ ግን ከዓመት በላይ ያልጸለይህ፤ ደህና። ኧረ ለማን ነው? ጌታችን ወረቀታችንን አንብቦ ነው እንዴ የሚያውቀን?

ደግሞስ እኛ ለሰው ያለን ፍቅር! የምንወደውን ሰው ማዕበሉ ቀድሞ በሚመታበት ወንበር አስቀምጠን ክብር እንለዋለን። ሠላሳ ዓመት አገለገለን እንልና ሠላሳ አንደኛውን ዓመት ምን ያምሃል ሳንለው እንጭንበታለን። ኮቱ ሥር ላብ ሲወርድ እያየን በረደው ብለን እናልፋለን። ያ ነውር አይደለም፤ መጠየቁ ግን ነውር ሆነብን። የእሱን ወረቀት እኛ ሞላንለት። ደህና፣ ደህና፣ ደህና።

እውነቱን የተናገረችዋንስ? እሷን እንሰራት አልን። ድካሙን የደበቀ ፊት ይቀመጣል፤ ድካሙን የጻፈች በገመድ ትታሰር። እናንተ ሰዎች! እንዲህ እያደረግን ነው ወይ ሰው ለምን አይናገርም የምንለው?

እናንተም የምታውቁ፣ የአስካለ ወገኖች፤ የመምራት አደራ የተሰጣችሁ። እናንተስ «ይሁን» ያላችሁት ስንት ጊዜ ነው? ስትደክሙ፣ ሰው ቅር እንዳይለው ስትሉ፣ ቪዲዮ ስለሚቀረጽ። ወፍጮው የሚሰማው ግን ለእናንተ ነበረ።

ወፍጮው ለሁላችን ይሰማል። ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ወንዙ ሳይታየን፣ ይሰማናል። የማን ነው ብለን እንስቃለን።

ያን ቀን ማንም አልሞተም። ይህን አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ ልባችሁ እንዳይንጠለጠል። ከአሥራ አራቱ አምስቱ በውሃው አለፉ፤ ብስራት ከፊት በስተ ግራ ተቀምጣ። ዘጠኙ በእግር ዞሩ፤ ከእነሱም አንዱ ኢዮስያስ ነው፤ ዋና የሚባል ነገር ጨርሶ አያውቅም ነበር። ሁሉም ታች ድልድዩ ጋ ተገናኙ። አስካለ የፈለገችው ከመጀመሪያው ይህንኑ ነበር። ሁሉም እንደ አቅሙ፣ ሁሉም በሰላም። ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ጠዋት ያልቅ ነበር።

ግን ዘጠኙ አፋቸውን የከፈቱት በአስካለ ንግግር እንዳይመስላችሁ። ከዘጠኙ መካከል ሌሎቹን የቀደመ አንድ ሰው ነበረ።

ጋሽ ላምቦሮ ከአሸዋው ተነሥተው የሕይወት ጃኬታቸውን በግራ እጃቸው ፈቱ። ወደ ብስራት ሄዱና ጀርባቸውን ሰጧት፤ ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉላት። ለጥቂት ጊዜ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ክራንቿን ተደግፋ ተነሣች፤ የኮቱን ግራ እጅጌ ሳበች። ቀኙን ግን እንደዚያ አልሳበችም። ሕፃን ልብስ እንደሚወልቅለት ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት፣ ከክርናቸው አላቀቀችው። እጁ ወጣ። የቀጠነ፣ ደረታቸው ላይ የታጠፈ፣ ከትከሻ በላይ የማይነሣ እጅ ነው። ስንት ዓመት እንዲህ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ኮቱን የሚያለብሳቸው የቤታቸው ሰው ካልሆነ በቀር። በእሑድ ሲባርኩ በግራቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ሁሉም ያስታወሰው።

አሥራ ሦስቱ ሁሉ አዩ። አንድም ሰው ዓይኑን አልመለሰም።

ኮቱን አሸዋው ላይ ተዉት። መቅዘፊያቸውን ከፊተኛው ወንበር በግራ እጃቸው አንሥተው ብስራት እጅ ላይ አኖሩት። አስካለ፣ «ጋሼ» አለች። ዘወር ብለው አላዩም። ተቆጥተው ይሁን፣ አፍረው ይሁን፣ ቀልሏቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። የእግር መንገዱን ይዘው፣ የታጠፈውን እጅ እንደያዙ፣ ለማንም ምንም ሳይሉ ዳገቱን ወጡ።